ቻርልስ ሂውስተን፤ ስለ ትምህርት ቤት የተሟገተ ሰው

ይህ የበዓል መጽሔት እንዲወጣ በተወሰነ ጊዜ ለእኛ ለታሪክ ክበብ አባሎች የደረሰን ሥራ የአንድ ስመ ጥሩ ሰው የሕይወት ታሪክ መጻፍ ነበር። ከጓደኞቻችን አንዳንዶቹ የጦር ጀግና ይሁን፣ አንዳንዶቹም የሳይንስ ሊቅ ይሁን ብለው ነበር። እኛ ግን በዓሉ የትምህርት ቤት በዓል ከሆነ ዕድሜውን ስለ ትምህርት ቤት ሲሟገት የፈጸመ ሰው ይገባዋል በማለት አሜሪካዊውን የሕግ ሊቅ ቻርልስ ሃሚልተን ሂውስተንን መረጥን። ሂውስተን በአገሩ የሕግ ሰዎች ዘንድ እጅግ የታወቀ ነው፤ በእኛ ዘንድ ግን የተማሪው የተርጉድ ማርሻል ስም የመምህሩን ስም ጋርዶታል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ቀኖችና ዓመቶች ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢዎቻችን እንዲያስቡልን እንለምናለን።

ቻርልስ የተወለደው ሴፕቴምበር 3 ቀን 1895 ዓ.ም. በአሜሪካ ዋና ከተማ በዋሽንግተን ነው። የአባቱ አባት ከባርነት ያመለጠ ሰው ነበር። አባቱ ዊልያም ቀን የመንግሥት ጸሐፊ ሆኖ ይሠራ፣ ማታ ደግሞ ሕግ ይማር ነበርና በመጨረሻ ጠበቃ ሆነ። እናቱ ሜሪ አስቀድሞ አስተማሪ ነበረች፤ በኋላም የባለሥልጣኖችን ሚስቶች ጠጉር እየሠራች አንድ ልጇን ለማስተማር ባሏን ታግዝ ነበር። ቤተ ሰቡ ድኻ የሚባል አልነበረም። ይሁን እንጂ ልጁ ገና ዘጠኝ ወር ሳይሞላው በዚያችው ከተማ የተሰጠ አንድ ፍርድ የወደፊት ሥራውን ወሰነለት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በደቡብ በምትገኘው በሉዊዚያና ግዛት ጥቁሮችና ነጮች በባቡር ሲጓዙ በተለያየ ፉርጎ እንዲቀመጡ የሚያዝ ሕግ ወጥቶ ነበር። ሆመር ፕሌሲ የተባለ ሰው ሕጉን በመቃወም በነጮች ፉርጎ ተቀምጦ ተያዘ፤ ክርክሩም እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ሜይ 18 ቀን 1896 ዓ.ም. ሰባት ዳኞች በአንድ ወገን፣ አንድ ዳኛ ብቻ በሌላ ወገን ሆነው ፈረዱ። የሰባቱ ሐሳብ፣ የሚሰጠው ነገር እኩል እስከ ሆነ ድረስ ሰዎችን በዘር ለያይቶ ማስቀመጥ ሕገ መንግሥቱን አያፈርስም የሚል ነበር። ፍርዱ ስለ ባቡር የተሰጠ ነው፤ ነገር ግን የደቡብ ግዛቶች የትምህርት ቤቶቻቸው መሠረት አደረጉት።

መለያየቱ በዚያን ጊዜ የተፈጠረ አይምሰለን። ከእርስ በርስ ጦርነታቸው በፊት በብዙዎቹ የደቡብ ግዛቶች ባሪያን ፊደል ማስቆጠር በሕግ የተከለከለ ነበር። በሰሜንም ቢሆን በቦስተን ከተማ ሣራ ሮበርትስ የምትባል የአምስት ዓመት ልጅ አምስት የነጮች ትምህርት ቤቶችን በእግሯ እያለፈች ወደ ጥቁሮች ትምህርት ቤት እንድትሄድ ስለ ተገደደች አባቷ በ1849 ዓ.ም. በፍርድ ቤት ተሟገተ፤ ግን ተረታ። የማሳቹሴትስ ግዛት ይህን ልማድ በሕግ የከለከለው በ1855 ዓ.ም. ነው። በጆርጂያ ግዛት ደግሞ የኦገስታ ከተማ ሹማምንት በ1897 ዓ.ም. የጥቁሮቹን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዘግተው ለነጮቹ የሚሰጠውን እንደ ነበረ ተዉት፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ከሁለት ዓመት በኋላ ምንም ስሕተት አላገኘበትም። በሚሲሲፒ ማርታ ላም የምትባል የቻይና ተወላጅ ልጅ ከነጮች ትምህርት ቤት ስትባረር በ1927 ዓ.ም. እዚያው ፍርድ ቤት ቀርባ አልተሳካላትም። እንግዲህ ለየብቻ የሚለው ቃል በጥብቅ ሲጠበቅ እኩል የሚለው ቃል ግን በወረቀት ላይ ቀርቶ ነበር። ሂውስተን በኋላ ያነሣው ይህንኑ የተረሳውን ቃል ነው።

እርሱ ራሱ የተማረው ኤም ስትሪት በተባለው ለጥቁሮች ብቻ በተለየ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። የሚያስገርመው ትምህርት ቤቱ ከከተማው መልካሞቹ አንዱ መሆኑ ነው። በታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች የተመረቁ ጥቁሮች ሌላው ሥራ ሁሉ ስለ ተዘጋባቸው ወደዚህ መጥተው ያስተምሩ ነበር። ይህን የምናነሣው መለያየትን ለማመስገን አይደለም። ሂውስተን ጥቁር ልጅ ከነጭ ልጅ አጠገብ ካልተቀመጠ አይማርም ብሎ ተሟግቶ እንደማያውቅ እንዲታወቅ ነው፤ እንደሚማር በራሱ ያውቅ ነበርና። በዐሥራ አምስት ዓመቱ ትምህርቱን ጨርሶ አምኸርስት ወደ ተባለው ኮሌጅ ገባ። በክፍሉ ውስጥ ጥቁር እርሱ ብቻ ነበር። በ1915 ዓ.ም. በከፍተኛ ማዕርግ ተመርቆ ሁለት ዓመት ያህል በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ አስተማረ። ሃዋርድ በዋሽንግተን የሚገኝ የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የእኛው ዶክተር መላኩ በያንም ሕክምና የተማሩት በዚሁ ነበር።

አሜሪካ በ1917 ዓ.ም. ወደ ዓለም ጦርነት ስትገባ ሂውስተን ለጥቁሮች በተከፈተው የመኮንኖች ማሠልጠኛ ገብቶ የመቶ አለቃ ሆነ፤ በኋላም በመድፈኛ ክፍል ሠለጠነና ወደ ፈረንሳይ ተሻገረ። የነጮቹ መኮንኖች ጥቁር መድፈኛ ሊሆን አይችልም ይሉ ነበር። በፈረንሳይ አገር ቫን በምትባል ከተማ አንድ ምሽት የገዛ አገሩ ነጭ ወታደሮች እርሱንና ጓደኞቹን ከብበው ሊገድሏቸው ተቃርበው ነበር። ከጠላት ጥይት ይልቅ ከወገን እጅ ለጥቂት የዳነው ወጣት፣ ከጦር ሜዳ በሕይወት ቢመለስ ሕግ ተምሮ ራሳቸውን ሊከላከሉ ለማይችሉ ሰዎች ለመቆም የወሰነው በዚያን ጊዜ ነው። እኛ በዕድሜ ከእርሱ ብዙ የማናንስ ተማሪዎች ነንና ይህን ስናነብ ቂም መያዝ ምን ያህል ይቀልለው እንደ ነበር ተነጋገርን። እርሱ ግን በ1919 ዓ.ም. ወደ ሃርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤት ገባ።

በሃርቫርድ ውጤቱ እጅግ ከፍ ያለ ስለ ነበር የትምህርት ቤቱን የታወቀ የሕግ መጽሔት ከሚያዘጋጁት ተማሪዎች አንዱ ሆነ፤ ለዚህ ሥራ የተመረጠ የመጀመሪያው ጥቁር ነው። በ1922 ዓ.ም. በሕግ ተመረቀ፣ በሚቀጥለውም ዓመት የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበለ። ከዚያ በስፔን አገር በማድሪድ ዩኒቨርሲቲ ጥቂት ቆይቶ ወደ ዋሽንግተን ተመለሰና ከአባቱ ጋራ በአንድ ቢሮ የጥብቅና ሥራ ጀመረ። ወዲያውም በሃዋርድ የሕግ ትምህርት ቤት ያስተምር ጀመር።

ከዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት እንፈልጋለን፤ እንደ እኛ አስተያየት ከሥራው ሁሉ ትልቁ ይህ ነውና። የሃዋርድ የሕግ ትምህርት ቤት የማታ ትምህርት ቤት ነበር። ተማሪዎቹ ቀን በየመሥሪያ ቤቱ ሲሠሩ ውለው ማታ ደክሟቸው ይመጡ ነበር፤ የሂውስተን የገዛ አባቱም የተማረው እንዲሁ ነው። ሂውስተን በ1929 ዓ.ም. ምክትል ዲን ሆኖ ትምህርት ቤቱን እንዲመራ በተሾመ ጊዜ የማታውን ትምህርት ዘግቶ ሙሉ የቀን ትምህርት አደረገው። ብዙ ሰዎች ተቈጡ። ለእንጀራው የሚሠራ ድኻ ጥቁር ከእንግዲህ የት ይማር ብለው የጠየቁት ሰዎች ጥያቄአቸው እውነተኛ ነበር፤ አንዳንድ የሂውስተን አድናቂዎች እንደሚያደርጉት በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። የእርሱ መልስ ግን በደቡብ ፍርድ ቤቶች ከነጭ ጠበቃ ፊት የሚቆም ጥቁር ጠበቃ እኩል ሆኖ መገኘት አይበቃውም፣ በልጦ መገኘት አለበት የሚል ነበር። በ1931 ዓ.ም. የአሜሪካ የጠበቆች ማኅበር ትምህርት ቤቱን በሙሉ ዕውቅና ተቀበለው።

ተማሪዎቹ ሂውስተንን የብረት ጫማ የሚል ቅጽል አወጡለት። ሥራ ያበዛባቸዋል፤ ምክንያት አይቀበልም፤ ያስጠናቸውን ሁሉ ያስደግማቸዋል። ሕግን ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ወደ ፍርድ ቤትና ወደ እስር ቤት እየወሰደ ያሳያቸው ነበር። ሕግ ያወቀ ሰው ዕውቀቱን የሕዝቡን ኑሮ ለማቃናት ካላዋለው በሕዝቡ ትከሻ ላይ የሚኖር ሸክም ነው ብሎ ያስተምር ነበር። ከእነዚህ ተማሪዎች አንዱ ከባልቲሞር ከተማ በየቀኑ በባቡር የሚመላለሰው ተርጉድ ማርሻል ነው። በባልቲሞር የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት በቅርቡ ነበረ፤ ጥቁር ግን አይቀበልም። ማርሻል በ1933 ዓ.ም. ከክፍሉ አንደኛ ሆኖ ተመረቀ።

በሚቀጥለው ዓመት ሂውስተን ከሥራ ጓደኛው ከኤድዋርድ ሎቬት ጋራ የፊልም ማንሻ መሣሪያ ይዞ በመኪና ወደ ሳውዝ ካሮላይና ወረደ። ጥቁር መንገደኛ የሚያሳድር ሆቴል በቀላሉ በማይገኝበት አገር እየተዘዋወሩ የሁለቱን ዘሮች ትምህርት ቤቶች አነሡ። በአንድ ወገን የግንብ ሕንፃ፣ ልጆችን የሚያመላልስ አውቶቡስ፤ በሌላው ወገን ያረጀ የእንጨት ቤትና በእግሩ የሚመጣ ልጅ ይታያል። በዚያን ዘመን ግዛቲቱ ለአንድ ነጭ ተማሪ የምታወጣው ገንዘብ ለአንድ ጥቁር ተማሪ ከምታወጣው ወደ ዐሥር እጥፍ ይሆን ነበር። ሂውስተን በንግግር ብቻ አያምንም፤ ቈጥሮና ለክቶ ዳኛው ዓይን ፊት ማቅረብ ይፈልግ ነበር።

በ1935 ዓ.ም. ሃዋርድን ትቶ ለጥቁሮች መብት የሚሟገተው ኤን ኤ ኤ ሲ ፒ የተባለው ብሔራዊ ማኅበር ነገረ ፈጅ ሆነ። በዚህ ጊዜ ያወጣው ዘዴ በመጀመሪያ ሲታይ የሚያስደንቅ ነው። በሕፃናት ትምህርት ቤት አልጀመረም፤ ከላይ፣ ከዩኒቨርሲቲዎች ጀመረ። ምክንያቶቹ ብዙ ናቸው። የ1896ቱን ፍርድ ፊት ለፊት ቢያጠቃ ዳኞቹ እንደገና ያጸድቁታል፣ ያን ጊዜም ከቀድሞው የባሰ ይሆናል ብሎ ሠጋ። በሕፃናት መቀላቀል የሚቈጣው የደቡብ ሕዝብ በጥቂት ጎልማሶች የሕግ ተማሪነት ያን ያህል አይነሣም። ደግሞም በደቡብ ግዛቶች ለጥቁሮች የተለየ የሕግ ትምህርት ቤት ፈጽሞ አልነበረም ማለት ይቻላል፤ በሌለ ነገር እኩል ሰጥተናል ማለት አይቻልም። ዳኞችም ሁሉ ሕግ የተማሩ ናቸውና መልካም የሕግ ትምህርት ቤት ምን እንደ ሆነ አስረጂ አያስፈልጋቸውም። ግዛቶቹ በእውነት ለየብቻ እኩል እናደርጋለን ካሉ ሁለት ዩኒቨርሲቲ መሥራት ይኖርባቸዋል፤ ይህም ወጪው አይቻልም። በእኛ አነጋገር በገዛ ገመዳቸው ሊያስራቸው አሰበ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ክርክር በዚያው በባልቲሞር ሆነ። ዶናልድ መሪ የተባለ የአምኸርስት ምሩቅ ወደ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት እንዲገባ አመልክቶ ተከለከለ። መምህሩ ሂውስተንና ተማሪው ማርሻል ጎን ለጎን ቆመው ተከራከሩ። በጁን 1935 ዓ.ም. ዳኛው ልጁ እንዲገባ አዘዘ፤ በጃንዋሪ 1936 ዓ.ም. የግዛቲቱ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት አጸናው። ማርሻልን በዘሩ ምክንያት ሊቀበለው ያልቻለው በር በማርሻል እጅ ተከፈተ።

ሁለተኛው የሎይድ ጌንስ ነገር ነው። ጌንስ የሚዙሪ ሰው ነበር፤ ግዛቲቱ በራስዋ የሕግ ትምህርት ቤት አልቀበልም፣ ነገር ግን ወደ ሌላ ግዛት ሄዶ ቢማር ክፍያውን እችላለሁ አለች። ሂውስተን በኖቬምበር 1938 ዓ.ም. በጠቅላይ ፍርድ ቤት ቀርቦ ሲናገር ከዳኞቹ አንዱ ማክሬይኖልድስ ወንበሩን አዙሮ ጀርባውን እንደ ሰጠው ይነገራል። ሂውስተን ንግግሩን ቀጠለ። ዲሴምበር 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ስድስት ዳኞች ሁለቱን በልጠው፣ አንድ ግዛት ለነጭ በአገሩ የሚሰጠውን ትምህርት ለጥቁርም በአገሩ መስጠት አለበት፣ ወደ ጎረቤት መላክ እኩልነት አይደለም ብለው ፈረዱ። እኩል የሚለው ቃል ከአርባ ሁለት ዓመት በኋላ ክብደት አገኘ።

ሚዙሪ ግን ጌንስን ከመቀበል ይልቅ በሴንት ሉዊስ ከተማ ቀድሞ የጠጉር ማስዋቢያ ትምህርት ቤት በነበረ ሕንፃ ውስጥ ለጥቁሮች የሕግ ትምህርት ቤት ከፈተች። ጌንስም ትምህርቱን አልጀመረም። በማርች 1939 ዓ.ም. ቺካጎ ውስጥ ካረፈበት ቤት አንድ ምሽት ቴምብር ልገዛ ነው ብሎ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ያየው የለም።  ይገደል፣ ይሰደድ፣ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ዩኒቨርሲቲው በ2006 ዓ.ም. የክብር የሕግ ዲግሪ ሰጥቶታል። ስሙ በፍርድ ቤት መዝገብ ላይ ተጽፎ የዓለምን ዓይን የሚስብ ተማሪ ምን ያህል ብቻውን እንደ ሆነ ከዚህ ይታወቃል፤ ሂውስተንም ከሳሽ የሚሆኑ ተማሪዎች ሲመርጥ ይህን ሸክም የሚችሉትን መፈለግ ነበረበት።

ሂውስተን በዚያው በ1938 ዓ.ም. የማኅበሩን ሥራ ለማርሻል አስረክቦ ወደ አባቱ ቢሮ ተመለሰ። የባቡር ሠራተኞችን፣ በዘራቸው ምክንያት ቤት እንዳይገዙ የተከለከሉ ሰዎችን ነገር ይዞ ብዙ ረታ። ከትምህርት ቤት ግን አልራቀም። በ1947 ዓ.ም. በዋሽንግተን ብራውን የተባለው የጥቁሮች መለስተኛ ትምህርት ቤት ተማሪ ስለ በዛበት በፈረቃ ማስተማር ጀመረ። ፈረቃ ምን እንደ ሆነ ለእኛ አገር አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። በአጠገቡ ግን ባዶ ቦታ የነበራቸው የነጮች ትምህርት ቤቶች ነበሩ። ወላጆች ልጆቻቸውን ከትምህርት አስቀሩ፤ የመራቸውም ጋርድነር ቢሾፕ የተባለ ጠጉር አስተካካይ ነበር። ቢሾፕ የተማሩትን ጥቁሮች አያምንም ነበር፤ እንደ እርሱ ያሉትን ይንቃሉ ብሎ ያስብ ነበርና። ከሃርቫርድ ሊቅ ጋራ ሲገናኝ ግን ሂውስተን ገንዘብ ሳይጠይቀው ጠበቃው ሆነ። የሁለቱ ወዳጅነት ከታሪኩ ሁሉ ደስ ካሰኘን ክፍል አንዱ ነው።

የሂውስተን ልብ ግን ደክሞ ነበር። ሐኪሞች ዕረፍት አድርግ ቢሉትም ቶሎ አልሰማም። በታመመ ጊዜ ቢሾፕን አስጠርቶ ነገሩን ወደ ጄምስ ናብሪት እንዲወስድ መከረው፤ ናብሪትም በሃዋርድ የሕግ መምህር ነበር። ለትንሹ ልጁ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ጽፎ በተወው መልእክት አባቱ ጥሎት እንዳልሸሸ፣ እርሱና ሌሎች ልጆች መብታቸውን እንዲያገኙ ሲታገል እንደ ወደቀ እንዲነገረው አደረገ። ኤፕሪል 22 ቀን 1950 ዓ.ም. በሃምሳ አራት ዓመቱ ዐረፈ። ልጁ ገና ስድስት ዓመቱ ነበር።

ከአርባ አራት ቀን በኋላ፣ ጁን 5 ቀን፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአንድ ቀን ሁለት ፍርዶች ሰጠ። ሂማን ስዌት የተባለ ፖስታ አዳይ ወደ ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት እንዲገባ ታዘዘ። በኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ ጆርጅ ማክሎሪን የተባለ ስድሳ ዓመት ያለፈው መምህር በክፍል፣ በቤተ መጻሕፍትና በምግብ ቤት ከሌሎች ተለይቶ እንዲቀመጥ ይደረግ ነበር፤ ያም ቀረ። ከእነዚህ በኋላ ወደ ሕፃናቱ ትምህርት ቤት ለመውረድ መንገዱ ተጠርጓል ማለት ነው። በ1951 ዓ.ም. በቨርጂኒያ ግዛት ባርባራ ጆንስ የምትባል የዐሥራ ስድስት ዓመት ተማሪ የትምህርት ቤቷን ልጆች አስተባብራ በጠበበውና ዝናብ በሚያፈሰው ትምህርት ቤታቸው ላይ ትምህርት አቁመው ወጡ። ጥሪያቸውን የተቀበሉት ጠበቆች ኦሊቨር ሂልና ስፖትስዉድ ሮቢንሰን ሁለቱም የሃዋርድ የሕግ ምሩቆች ነበሩ፤ ሂል የሂውስተን ተማሪ ነው። የልጆቹ ነገር ከሌሎች ጋራ ተጣምሮ ሜይ 17 ቀን 1954 ዓ.ም. በሕዝብ ትምህርት ቤቶች በዘር መለያየት ሕገ መንግሥቱን የሚጥስ መሆኑ በዘጠኙም ዳኞች ድምፅ ተፈረደ። ለጥቁሮቹ ከተሟገቱት ዋነኛው ማርሻል ነበር። በ1967 ዓ.ም. እርሱ ራሱ የዚያ ፍርድ ቤት የመጀመሪያው ጥቁር ዳኛ ሆነ።

ፍርዱ ሁሉንም ነገር በአንድ ሌሊት አላቃናም። ባርባራ ጆንስ የተማረችበት የፕሪንስ ኤድዋርድ አውራጃ ልጆችን ከማቀላቀል ይልቅ ከ1959 እስከ 1964 ዓ.ም. የሕዝብ ትምህርት ቤቶቹን በሙሉ ዘጋ። ትምህርት ቤቶች ሲቀላቀሉም በደቡብ ግዛቶች ብዙ ሺህ ጥቁሮች መምህራን ከሥራ ተሰናበቱ። ኤም ስትሪትን ያስተማሩት ዓይነት ሰዎች ናቸውና ይህ ኪሳራ በታሪኩ ውስጥ ሊዘለል የሚገባው አይመስለንም።

የጠጉር አስተካካዩ የቢሾፕ ነገርም ፍጻሜ አገኘ። በሴፕቴምበር 1950 ዓ.ም. ሂውስተን በሞተ በአምስተኛው ወር ቢሾፕ ዐሥራ አንድ ጥቁሮች ልጆች አስከትሎ ሱዛ ወደሚባለው አዲስ የነጮች ትምህርት ቤት ሄደ። ባዶ ክፍሎች እያሉ ልጆቹ ተመለሱ። ናብሪትም ትምህርት ቤት እኩል ይሁንልን ማለቱን ትቶ መለያየቱ ራሱ ይቅር ብሎ ከሰሰ፤ በ1954 ዓ.ም. በዚያችው በሜይ 17 ቀን ረታ። በሴፕቴምበር ወር የዋሽንግተን ትምህርት ቤቶች ለሁሉም ተከፈቱ። የሃዋርድ የሕግ ትምህርት ቤት ዋና ሕንፃ ዛሬ በሂውስተን ስም ይጠራል፤ የሱዛ ትምህርት ቤት ሕንፃም በ2001 ዓ.ም. ከአገሪቱ ታሪካዊ ቅርሶች መካከል ተመዝግቧል።